ለሐኪምህ የድሮ ሥራችንን ንገረው

አዳማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዳማ ነፋሷም አቧራዋም እንደነበሩ ናቸው። ከተማዋ ግን አንተ ከምታውቃት በጣም ሰፍታለች።

ከተጻጻፍን ስንት ዘመን ሆነን! አንተ ሐዋሳ ኑሮህን ስታቀና፣ እኔ እዚህ ከልጆች ጋር ስሯሯጥ ጊዜው ነጎደ። የሆድ የሆዳችንን ስንገናኝ እናወራለን። ዛሬ የምጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሰሞኑን እህትህን ገበያ አገኘኋት። ስላንተ ስጠይቃት ፊቷ ልውጥ አለ። ደረቅ ሳል ይዞህ እንደከረመ፣ ቀኝ ጎንህን እንደሚወጋህ፣ ሐኪም ቤት ሄደህ «ሳንባህ ውሃ ቋጥሯል» እንደተባልክ ነገረችኝ። ውሃው ተቀድቶልህ የቲቢ መድኃኒትም ጀምረሃል አሉ። «ሲጋራ እንኳ በአፉ አዙሮ የማያውቅ ሰው!» እያለች ታዝን ነበር። እኔ ግን ወዲያው ትዝ ያለኝ ያ የቦይለር ክፍል፣ ውሃ እየፈላ ለፋብሪካው እንፋሎት የሚወጣበት ክፍል ነው።

የ1978ን ክረምት አስታውሰው። አጎቴ ፎርማን በነበሩበት ፋብሪካ ቀን ሠራተኛ ሆነን የገባንበትን። የእንፋሎት ቱቦዎቹ የተጠቀለሉበትን አሮጌ ሽፋን በመሮና በመዶሻ እየፈነቀልን እናወርድ ነበር። አፋችንን የምንሸፍንበት ጨርቅ እንኳ አልነበረንም። ማታ ስንወጣ ወፍጮ ቤት የዋልን ነበር የምንመስለው፤ ቅንድባችን ሳይቀር ነጭ ነው። ቱታችንን ግቢ ውስጥ እያራገፈች የምታጥብልን ደግሞ እህትህ ነበረች።

ያ ሽፋን አስቤስቶስ ነበር። ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ በዓለም ዙሪያ ቦይለርና የእንፋሎት ቱቦ ይጠቀለልበት የነበረ ማዕድን ነው። ሲሰበርና ሲፋቅ ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ክሮች ይሆናል። ክሮቹ በትንፋሽ ይገባሉ፣ ሰውነት ግን ሊያሟሟቸው አይችልም። ገሚሶቹ ሳንባን ዙሪያውን ወደሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይደርሱና እዚያው ይቀመጣሉ። ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ በዚያ ሽፋን ላይ የሚነሳው ካንሰር ሜሶቴሊዮማ ይባላል። ከሲጋራ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ «አላጨስኩም» ማለትህ ከዚህኛው በሽታ ነፃ አያደርግህም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በአጎቴ ነው። ጋሼ ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን ሳትሰማ አልቀረህም። ምን እንደገደላቸው ግን የነገረህ ያለ አይመስለኝም። ቀስ ብሎ የመጣ ነገር ነው። ከቤታቸው ማርያም ድረስ በእግር መሄድ ልማዳቸው እንደነበር ታውቃለህ። በኋላ መንገድ ላይ ሰላምታ አበዙ። ባለሱቁ ጋ ይቆማሉ፣ ሊስትሮው ጋ ይቆማሉ፣ ጥላ ባገኙበት ሁሉ ጨዋታ ይጀምራሉ። ጡረታ ወጥተው ከሰው ጋር መዋል ወደዱ ተባለ። ለካስ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ነው። ጥያቄ ስትጠይቃቸው በአጭሩ ነበር የሚመልሱት፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ይፈልጋል።

ከዚያ ውጋቱ መጣ። አንድ ጎናቸውን ብቻ፣ ከጎድን አጥንት ሥር፣ አንዳንዴ ወደ ትከሻ የሚወጣ ድፍን ያለ ሕመም። የእኛን ሰው ታውቀዋለህ፣ ውጋት ከሆነ «ብርድ ነው» ይላል። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ፌጦውም፣ ቅባቱም ተሞከረ። ደረቅ ሳላቸው በአዳማ አቧራ ተሳበበ። ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ ሲያልባቸው ግንቦት ስለነበር ሙቀቱ ነው ተባለ። ሰውነታቸው ሲከሳ የፍልሰታ ጾም ነው አልን። ጾሙ ተፈታ፣ ሥጋው ቀረበ፣ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሱ ያየኋቸው ያኔ ነው።

አየህ፣ እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ የሚሰጠው ምክንያት አያጣም። ይህ በሽታ የሚያዘናጋውም በዚህ ነው። ሳል ማንም ይስላል። ድካም ማንም ይደክመዋል። ትንፋሽ ማጠር፣ በአንድ ጎን የማይለቅ ሕመም፣ ደረቅ ሳልና ያለምክንያት መክሳት ገጥመው ሳምንታት ከቆዩ ግን፣ በዚያ ላይ ሰውየው ድሮ አስቤስቶስ የነካ ከሆነ፣ ቤት ተቀምጦ ቅባት መቀባት አይገባም። አንዳንዱን ሰው ድምፁን ያጎረንነዋል፣ አንዳንዱን መዋጥ ያስቸግረዋል። ካንሰሩ ሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይም ይነሳል። ያኔ ሆድ ይነፋል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ይህኛው ከሳንባው ያነሰ ነው፣ ግን አለ።

ውሃውን ልንገርህ፣ አንተን የሚመለከተው እሱ ነውና። ያ ሽፋን ሲታመም በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ወገን ብቻ። ፈሳሹ ሳንባን ስለሚጫነው ትንፋሽ ያጥራል። ሲቀዳ ሰው ወዲያው ይቀለዋል። ጋሼም ተቀድቶላቸው ቀለል ብሏቸው ነበር። ከዚያ ተመልሶ ሞላ።

ልብ በልልኝ፣ ያንተ ቲቢ አይደለም እያልኩ አይደለም። ቲቢም እንዲህ ውሃ ያስቋጥራል፣ በአገራችንም ብዙ ነው። ሐኪሙ እሱን አስቀድሞ መጠርጠሩ ትክክል ነው። የልብና የኩላሊት ችግር፣ ሌላ ዓይነት ካንሰርም ውሃ ያስቋጥራሉ። መድኃኒትህን በራስህ ፈቃድ እንዳታቋርጥ! የቲቢ ሕክምና በተለመደው መንገድ 6 ወር ነው፣ ጨርሰው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱን በሥርዓቱ እየወሰድክ ካልተሻለህ፣ ውሃው ከተመለሰ፣ ወይም ክብደትህ መውረዱን ካላቆመ «ታገስ» ተብለህ ዝም እንዳትል።

የጋሼ ነገር የዘገየው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ የታዩበት ቦታ የቲቢ መድኃኒት ጀመሩ። ውሃው ሲመለስ ተቀዳ፣ እንደገና ተመለሰ፣ እንደገና ተቀዳ። በመሃል ወራት አለፉ። ወጣት ሳሉ ምን ይሠሩ እንደነበር የጠየቃቸው አልነበረም። ካርዳቸው ላይ «ጡረተኛ» ነበር የሚለው። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተላኩ። እዚያ አንድ ጠና ያሉ ሐኪም የራጅ ፊልሙን አይተው «አባቴ፣ በወጣትነትዎ ሥራዎ ምን ነበር?» አሏቸው። ጋሼ የቦይለሩን ነገር ሲነግሯቸው ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጠው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሲቲ ስካን ታዘዘ። ከዚያ ከሳንባው ሽፋን ላይ ናሙና ተወስዶ ለፓቶሎጂ፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት ክፍል፣ ተላከ። መልሱ ሜሶቴሊዮማ ሆነ።

በኋላ ብዙ አነበብኩ። በደቡብ አፍሪካ ኪምበርሊ የቲቢ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩ ስሌግስ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። እሳቸውም የሳንባ ሽፋናቸው ታሞ በቲቢ መድኃኒት የማይሻላቸው ሰዎች እንዳሉ አስተዋሉ። ዋግነር ከሚባሉ የፓቶሎጂ ሐኪምና ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆነው የሕሙማኑን የኋላ ታሪክ ሲያጣሩ፣ የአብዛኞቹ መነሻ ሰማያዊ አስቤስቶስ ይወጣበት የነበረው የሰሜን ኬፕ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1960 የ33 ሰው ታሪክ አሳተሙ። ከመካከላቸው ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ፣ በልጅነታቸው እዚያ ሰፈር የኖሩ ብቻ ይገኙበታል። ሚስጥሩ የተፈታው «የት ነበርክ? ምን ትሠራ ነበር?» በሚል ጥያቄ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ስለዚህ ይችን በወረቀት ገልብጠህ ለሐኪምህ ስጠው፦ «በ1978 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ በፋብሪካ የቦይለር ክፍል የእንፋሎት ቱቦ የአስቤስቶስ ሽፋን ያለ መከላከያ እየፋቅኩ ሠርቻለሁ። አብሮን የሠራ ሰው በሜሶቴሊዮማ ሞቷል። የእኔም ውሃ ከዚህ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ይታይልኝ።» አታፍር፣ ሐኪም አስተማረ አይባልም። ካርድህ ላይ እንዲጻፍም ጠይቅ፤ ሐኪም ሲቀየር አብሮህ ይዞራል።

ምርመራውንም ልንገርህ። ራጅ ውሃውን ያሳያል፣ ምክንያቱን ግን አይነግርም። ሲቲ ስካን ሽፋኑ መወፈሩንና መጓጎሉን አጥርቶ ያሳያል። ከተቀዳው ውሃ ውስጥ የካንሰር ሴል መፈለግ ይቻላል፣ ነገር ግን ሜሶቴሊዮማ እያለ ውሃው ንጹሕ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። «ውሃው ምንም የለበትም» ብትባል በዚያ ብቻ አትዝናና። ቁርጡ የሚታወቀው በባዮፕሲ ነው። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ሽፋኑን እያዩ ናሙና ይወስዳሉ። እዚያ የማይቻል ከሆነ ሪፈር ይጻፍልህ። ጥቁር አንበሳ የካንሰር ክፍል አለው፣ ወረፋው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

እኔም ተመርምሬያለሁ። ሳንባዬ ሽፋን ላይ እዚህም እዚያም የደነደነ ጠባሳ ተገኝቷል። ካንሰር አይደለም፣ ካንሰርም አይሆንም ብለውኛል። ያ አቧራ እንደገባብኝ የሚመሰክር ምልክት ነው። ትንፋሼን፣ ክብደቴን እከታተላለሁ፣ አዲስ ነገር ካየሁ አልቆይም። አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ፦ አስቤስቶስ ከነካው ሰው ብዙው በዚህ በሽታ አይያዝም። ይህን የምጽፍልህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት ግን ሰዎች በሥራቸው ላይ በነካቸው አስቤስቶስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰው እንደሚሞት ይገምታል። እኛም እዚያ ሥራ ላይ ነበርን።

ሕክምናው ከባድ ነው፣ አልዋሽህም። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ስለሆነ ፈጽሞ ማዳን ይከብዳል። ዕድሜ የሚያስረዝም ኬሞቴራፒ ግን አለ፣ የቅርብ ዓመታት ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች አምጥተዋል። ውሃው እየተመላለሰ እንዳያስቸግር ሽፋኑን የሚያጣብቁበት መንገድም አለ፤ ይኼ ብቻውን ለትንፋሽ ትልቅ እፎይታ ነው። ኦፕራሲዮንን ጨምሮ ብዙው አማራጭ የሚጠበው ሰው እየደከመ፣ በሽታው እየሰፋ ሲሄድ ነው። የቸኮልኩት ለዚህ ነው።

ለእህትህም እዚያው ገበያ ላይ ነግሬያታለሁ። የሠራተኛ ልብስ ያጠቡ ሚስቶችና እህቶች በዚሁ በሽታ የተያዙበት ብዙ ታሪክ አለ። ደህና ነኝ ብላለች፣ አሁን ምንም አይሰማትም። የትንፋሽ ነገር ከመጣባት ግን ያንን ቱታ ለሐኪም ሳትናገር እንዳትወጣ ቃል አስገብቻታለሁ። ኩሽናው ላይ ያለውን አሮጌ ግራጫ የጣሪያ ክዳን ልታስነሳው ነው መሰለኝ። አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በመጋዝ እንዳያስቆርጡት፣ እንዳይሰብሩት፣ ውሃ እያርከፈከፉበት ሙሉውን እንዲያወርዱት፣ ፍርፋሪውንም በደረቁ እንዳይጠርጉት ነግሬያታለሁ። አንተም ደውለህ አስታውሳት፣ ያንተን ትሰማለች።

አሁን መልስህን እጠብቃለሁ። ውሃው ከተቀዳ በኋላ ተመልሷል? ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽህ እንዴት ነው? ክብደትህስ? ሳታሳምር ንገረኝ። የሚቀጥለው ቀጠሮህ መቼ እንደሆነም ጻፍልኝ። በሞጆ በኩል ማልጄ ከተነሳሁ እደርሳለሁ፣ አብሬህ እገባለሁ። የፋብሪካውን ነገር አንተ የረሳኸውን እኔ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፣ የራሴንም የሲቲ ስካን ውጤት ይዤ እመጣለሁ። ስልኬ እህትህ ጋ አለ።

ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው ወንድም
ከአዳማ