ጉዳዩ፦ መግል የያዘ ቁስል ያለባቸውን ተማሪዎች ይመለከታል

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ጅማ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የፈተና ፕሮግራም በመገናኛ ደብተር ተልኳል፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ከፈተናው በፊት ይመለሱ።

ክፍት ወይም መግል የያዘ ቁስል ያለበት ልጅ በጤና ባለሙያ ታይቶ፣ ቁስሉም በንጹሕ ፋሻ ተሸፍኖ ካልመጣ ክፍል አይገባም ማለታችን ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። «ልጄን አገለላችሁት» ተብለናል። ማንንም አላገለልንም፤ ቁስሉ ታሽጎ ሲመጣ እጁን ይዘን የምናስገባው እኛው ነን።

«ብጉንጅ ያልወጣበት ልጅ የታለ?» ትላላችሁ። ልክ ነው፣ አብዛኛው ፈንድቶ ይድናል። መግሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ከሦስት ጤነኛ ሰው በአንዱ አፍንጫ ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራል። አንዳንዱ ዝርያ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ደም ውስጥ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ከልክ በላይ ይቆጣል፦ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ፀሐይ ያቃጠለው የሚመስል ቀይ ሽፍታ፣ ትውከትና ተቅማጥ ይከተላል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሞች ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም ይሉታል። በኬጂ ልጆቻችን ዕድሜ ደግሞ ሌላ ዓይነት መርዝ የላይኛውን ቆዳ ይልጠዋል፤ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል።

አንድ ወላጅ ስልካቸውን ከፍተው «ይሄ ቶክሲክ ሾክ የምትሉት የሴቶች በሽታ ነው» ብለው አሳይተውናል። ታምፖን ከሚባለው የወር አበባ መጠበቂያ ጋር ስሙ መነሳቱ እውነት ነው። ነገር ግን በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ቶድና ባልደረቦቹ ስሙን ሲያወጡለት ያዩት 7 ልጆችን ነበር፤ ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው፣ ወንዶችም ሴቶችም።

«ብርቅ ነው» የሚልም አይጠፋም። አዎ፣ ብርቅ ነው። ከመጣ ግን በሰዓታት ውስጥ ይብሳል፤ መነሻው ቁስል ደግሞ ዓይን የማይገባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ጭረት ናት» እያላችሁ አትሟገቱን።

ቁስል ላይ ስለምትነሰንሱት የቡና ዱቄትም እባካችሁ! ጅማ ነን፣ ቡና አናጣም፤ ቦታው ግን ሲኒ ነው። ሰሞኑን አንድ ተማሪ ጉልበቱ ላይ ዱቄቱ እንደ ቅርፊት ደርቆ፣ ከሥሩ መግሉ እስከ ካልሲው ይወርድ ነበር። ከአምና የተረፈ አሞክሳሲሊንም አይሆንም፤ አብዛኛው ስታፊሎኮከስ ለእሱ እጅ አይሰጥም። የቋጠረ መግል ሐኪም ካላወጣው በክኒን ብቻ አይድንም።

ምሳ ዕቃ የምታዘጋጁ፣ ጣታችሁ ላይ መግል ካለ ሌላ ሰው ያዘጋጅ። «አሙቄዋለሁ» አይበቃም፤ ሙቀት ባክቴሪያውን ቢገድልም ምግቡ ላይ የተወውን መርዝ አያጠፋም።

«ስትመልሱት መቅረት ይሆንበታል» ለምትሉ፦ የጤና ጣቢያ ወረቀት ይዞ ከመጣ መቅረት አይሆንም። ይህን ከዚህ ቀደም በማስታወሻ ጽፈናል፤ ማን እንዳነበበው እንጃ።

ትኩሳት ከሽፍታና ከትውከት ጋር ከታየ፣ ወይም ልጁ ከዛለና ከቃዠ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ቁስል ካለበት ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቁስሉ ካልጸዳ መርዙ መመረቱን አያቆምም።

ቅሬታ ያለው ቅዳሜ ጠዋት 3፡00 ሰዓት ቢሮዬ ይምጣ። የጥበቃ ሠራተኛውን ግን ተዉት፤ መመሪያውን ያወጣው እሱ አይደለም።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር