ለምን ማልታ ብቻ? ለምንስ ሰባት ቀን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የመስከረሙን ጉዞ ፕሮግራም ከላክንላችሁ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ አንድ ነው። «አምና በሰባት ቀን ሲሲሊንም ማልታንም አሳያችሁን። ዘንድሮ በዚያው ሰባት ቀን ማልታን ብቻ? አገሩ እኮ ከነትንንሽ ደሴቶቹ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው!»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡም ዕረፍቱም የእናንተ ነው። ስለዚህ በደንብ ልናስረዳችሁ ወደድን።

አምና አጥፍተናል። ሁለቱን ደሴቶች ለማዳረስ ብለን አሯሯጥናችሁ። መመለሻው ላይ አውቶቡስ ውስጥ አንድ አባት «ልጆቼ፣ ሄድን እንጂ አላየንም» አሉን። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከሆዳችን አልወጣም።

ማልታን ብዙዎቻችሁ በሌላ ስሟ ታውቋታላችሁ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ ያለችው መላጥያ እሷ ናት። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ በማዕበል ተሰበረ። 276ቱም ሰዎች በሕይወት ወጡ። ዝናብና ብርድ ስለነበር የአገሩ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ጳውሎስ ጭራሮ ሰብስቦ እሳቱ ላይ ሲጨምር እፉኝቷ እጁ ላይ የተጣበቀችው እዚያ ነው። ማልታዎች ይህን ቀን በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 10 በታላቅ በዓል ያስቡታል። አምና በስሙ በሚጠራው የባሕር ወሽመጥ በመስኮት አይተን አለፍን። ዘንድሮ ወርደን፣ ዳርቻው ላይ ተቀምጠን ምዕራፉን እናነባለን። በማግስቱ ራባት ከተማ ውስጥ ጳውሎስ ቆይቶበታል ወደሚባለው ዋሻ እንወርዳለን።

ሌላው ቋንቋቸው ነው። ማልትኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ዘሩ ግን እንደኛው ሴማዊ ነው፣ ከዐረብኛ የወጣ። አምና ማርሳሽሎክ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር አንድ ነገር ገጠመን። ጀልባዎቹ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ሁለት ዓይን አለ፣ ክፉ ነገር እንዲጠብቅ ተብሎ። አንድ ሽማግሌ መረቡን እየጠገነ ነበር። አብራን የነበረች እናት ወደ ጀልባው እየጠቆመች ምን እንደሆነ በምልክት ጠየቀችው። «አይን» አላት። «ዓይን?» አለች። ራሱን እየነካ «ራስ» አላት። ቀጥላ ክንዷን ቆንጠጥ አድርጋ «ደም?» ስትለው «ደም!» ብሎ ሳቀ። እዚያው አጠገቡ ተቀመጠች። እኛ ግን ሰዓት ደረሰ ብለን አስነሳናት። ዘንድሮ እዚያ መንደር ግማሽ ቀን እንውላለን።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ። ጎዞ ደሴት ላይ ያለው የጅጋንቲያ ቤተ መቅደስ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3600 ገደማ ነው። የጊዛ ፒራሚዶችን አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። የአገሩ ሰው በአፈ ታሪክ የሠራችው አንዲት ግዙፍ ሴት ናት ይላል፤ ባቄላና ማር ብቻ እየበላች፣ ልጇንም ትከሻዋ ላይ ይዛ።

ከሁሉም የሚያስጨንቀን ግን ሃይፖጂየም ነው። ከመሬት በታች ሦስት ደርብ ወርዶ ከአለት የተፈለፈለ የመቃብር ስፍራ ነው። ብረት ባልነበረበት ዘመን በድንጋይና በቀንድ ነው የቆፈሩት። ላሊበላን ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ይገባዋል። የተገኘው በ1902 የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ 7,000 የሚገመቱ ሰዎች ተቀብረውበታል። የሰው ትንፋሽ ግድግዳውን ስለሚጎዳው በቀን የሚገባው ሰው 80 ብቻ ነው። አምና ትኬት ዘግይተን ጠየቅንና አጣን፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ዘንድሮ የስም ዝርዝራችሁን ቀድመን የምንፈልገው ለዚህ ነው። ውስጥ ፎቶ አይፈቀድም፤ ስልካችሁን ውጪ ታስቀምጣላችሁ።

ዋና ከተማዋ ቫሌታ ላይ ሁለት ቀን አለን። ከተማዋን ያኔ ማልታን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ባላባቶች (ተዋጊ መነኮሳት ናቸው) የቆረቆሯት በ1566 ነው፣ የኦቶማን ጦር የከበባቸውን በመለሱ ማግሥት። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ከውጭ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ወርቅ በወርቅ ነው። ወለሉ 400 ያህል የባላባት መቃብር ነው፣ ሁሉም በቀለም እብነ በረድ ያጌጠ። ለዚህ ነው ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ የሚከለከለው። እዚያ የጣሊያናዊው ሠዓሊ የካራቫጆ ሥዕል አለ፤ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ። እባካችሁ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከቅዱሱ አንገት የፈሰሰው ደም መሬት ላይ ፊደል ይሆናል። የሠዓሊው ስም ነው። ፊርማውን ያኖረበት የሚታወቅ ሥራው ይህ ብቻ ነው። አምና ሰልፉ ስለገፋን ደሙን ያየነው ጥቂቶች ነበርን።

ምግብን በተመለከተ፣ ፍቲራ የሚሉት ዳቦ አላቸው። ስሙ እንደኛው ፈጢራ ነው፤ መልኩ ግን ሌላ፣ በቲማቲም፣ በቱናና በወይራ ዘይት የሚበላ። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ፣ ፓስቲዚ የሚሉት በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር አተር ጾም ቢመስልም ሊጡ ቅቤ ወይም ስብ ሊኖርበት ስለሚችል ሳትጠይቁ አትብሉ። ማልታ ሼንገን ውስጥ ናት። እንግሊዝ አገር ሆናችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ቪዛ ስለሚያስፈልጋችሁ ከአሁኑ ጀምሩ።

አንድ ነገር ይቀራል። ወደ ጎዞ የምንሻገረው በመርከብ ነው፣ 25 ደቂቃ ገደማ። ከመካከላችሁ ከሊቢያ ተነስታችሁ ይህን ባሕር በጀልባ ያቋረጣችሁ፣ ወንድም ወይም እህት ባሕሩ ውስጥ የቀረባችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። አምና ይህን ቀድመን ባለማሰባችን እናዝናለን። መሻገር የማይፈልግ ሰው በዚያን ቀን ከአንዳችን ጋር ዋናው ደሴት ላይ ይቀራል። እዚያም ታርሺንና ሃጃር ኢም የሚባሉ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች አሉ። የስም ዝርዝሩን ስትልኩ ከስማችሁ አጠገብ «አልሻገርም» ብላችሁ ጻፉልን። ምክንያቱን ማንም አይጠይቃችሁም።

አክባሪዎቻችሁ፣
አስጎብኚዎቻችሁ