ስናፕሾት የባክአፕን ቦታ አይይዝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰርቨሮች ወደ ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ አካላዊ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር ወደሚሠራ ኮምፒውተር) ከተዛወሩ ወዲህ አንድ አደገኛ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ኃላፊው «ባክአፕ አለን?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ፣ ስናፕሾት እንወስዳለን» ይባላል፤ እሱም አምኖ ይቀመጣል። ሁለቱ ግን የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው፤ ባክአፕ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ የዳታ ቅጂ ነው፤ ስናፕሾት ግን ማሽኑ በአንድ ቅጽበት ወደነበረበት ሁኔታ መመለሻ ምልክት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ መዘዙ የሚመጣው አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ነው።

ስናፕሾት ሲወሰድ ዲስኩ አይቀዳም። ቪኤምዌር በሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ላይ ነባሩ የዲስክ ፋይል ለንባብ ብቻ ይሆንና ከዚያች ቅጽበት ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ ዴልታ በሚባል አዲስ ፋይል ላይ ያርፋል። ማሽኑ መረጃ ሲያነብ መጀመሪያ ዴልታውን ያያል፤ እዚያ ካጣ ወደ ነባሩ ይሄዳል። የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ቼክፖይንት የሚለውም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ዜድኤፍኤስና ኤልቪኤም-ቲን በሚባሉት የማከማቻ ሥርዓቶች ላይ አሠራሩ ቢለይም ብሎኮቹ (ዳታው የሚጻፍባቸው የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) ያው አንድ ፑል፣ ማለትም አንድ የጋራ ቋት ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ነባሩ ፋይል ከተበላሸ ዴልታው ብቻውን ምንም አይፈይድም። ስቶሬጁ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ወንበዴ የሃይፐርቫይዘሩን (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደውን ሶፍትዌር) የይለፍ ቃል ካገኘ ደግሞ ስናፕሾቱን ለማጥፋት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

ሁለተኛው አደጋ እድገቱ ነው። ዴልታው ሲፈጠር ትንሽ ነው። አንዱ ብሎክ ደጋግሞ ቢጻፍበት አይጨምርም፤ አዲስ ብሎክ በተነካ ቁጥር ግን ያብጣል፤ በመጨረሻም የዲስኩን ሙሉ መጠን ሊያህል ይችላል። 1 ቴራባይት ዳታስቶር (የማሽኖቹ የዲስክ ፋይሎች የሚቀመጡበት ማከማቻ) ላይ 300 ጊጋባይት ክፍት ቦታ አለ እንበል። የ500 ጊጋባይት ዳታቤዝ ማሽን ስናፕሾት ተወስዶለት ቢረሳ ያንን ክፍት ቦታ ሊጨርሰው ይችላል። ያኔ የሚቆመው ያ ማሽን ብቻ አይደለም፤ በዚያው ዳታስቶር ላይ ቦታ እየጠየቁ የሚያድጉ ሌሎች ማሽኖችም አብረው ይቆማሉ። በዚህ መሀል አንድ ሰው የዊንዶውስ ዲስክ ዲፍራግመንት ካስነሳ ዴልታው በአንድ ሌሊት ይፈነዳል፤ ዲፍራግመንት ብሎኮችን ከቦታ ወደ ቦታ እየጻፈ ስለሚያዛውር ነው። ቪኤምዌር ራሱ አንድ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። አንዱ በሌላው ላይ የሚወሰዱት ስናፕሾቶች ሰንሰለት እስከ 32 ድረስ ቢፈቀድም ለፍጥነት ሲባል ከ2 ወይም ከ3 እንዳያልፍም ያሳስባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ማጥፋቱ ላይ ነው። ስናፕሾትን መሰረዝ ማለት ዴልታውን መጣል ማለት አይደለም፤ ዴልታው ላይ ያለው ሁሉ ወደ ነባሩ ዲስክ ይዋሃዳል፤ ማሽኑም ባለበት ይቀጥላል። ከስናፕሾቱ ወዲህ የተጻፈውን ሁሉ የሚጥለው ወደ ኋላ መመለሱ፣ ሪቨርት የሚባለው ነው። ሁለቱ ትዕዛዞች በአንድ መስኮት ስለሚገኙ ከመጫን በፊት ደግሞ ማንበብ ያሻል። 200 ጊጋባይት የደረሰ ዴልታ ሲዋሃድ ሰዓታት ሊፈጅ፣ ስቶሬጁንም ሊያስጨንቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ይደረግ። መቶኛው 99 ላይ ለረጅም ጊዜ ቢቆም ሥራው አልቆመም፤ የስቶሬጁን የጽሑፍ እንቅስቃሴ እያዩ መጠበቅ ነው። በዚያ ሰዓት ሆስቱን (ማሽኖቹ የሚሠሩበትን አካላዊ ሰርቨር) ማጥፋት ወይም «ይህ ፋይል ብዙ ቦታ ያዘ» ብሎ የዴልታ ፋይሉን በእጅ መሰረዝ ማሽኑን ያሳጣል።

ታዲያ ስናፕሾት ለምን ይጠቅማል? ለአጭር ጊዜ መመለሻ። አፕዴት ሊጫን ሲል፣ የአፕሊኬሽን ስሪት ሊቀየር ሲል ከእሱ የተሻለ መሣሪያ የለም። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ መጀመሪያ ያለፈው ሌሊት ባክአፕ በትክክል መጠናቀቁን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ የዳታስቶሩን ክፍት ቦታ ማየት፣ ከዚያ ማሽኑን አጥፍቶ ስናፕሾቱን መውሰድ። ማጥፋት ካልተቻለ ሜሞሪውን ሳይጨምሩ መውሰድ ይሻላል፤ 64 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ከነሜሞሪው ከተወሰደ ሌላ 64 ጊጋባይት ቦታ ይበላል። ስሙ ላይ ቀን፣ የወሰደው ሰው፣ ምክንያቱና የሚሰረዝበት ቀን ይጻፍ። «ቴስት» ወይም «አዲስ» የተባለ ስናፕሾትን ከወር በኋላ ማንም ሊሰርዘው አይደፍርም። ቪኤምዌር ላይ ኢንዲፔንደንት ተብሎ የተሰየመ ዲስክ ስናፕሾት ውስጥ እንደማይገባም አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ወደ ኋላ መመለስ ራሱ የሚጎዳቸው ማሽኖችም አሉ። የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዶሜን ኮንትሮለር (የመሥሪያ ቤቱን ተጠቃሚዎችና ማሽኖች መለያ የሚይዝ የዊንዶውስ ሰርቨር) ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ትናንት ቢመለስ የለውጥ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሌሎቹም አዲስ የሚጽፈውን አይቀበሉትም። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ይህን የሚያውቅ መከላከያ ይዞ መጥቷል፤ የሚሠራው ግን ሃይፐርቫይዘሩም ሲደግፈው ነው፤ በዚያ ተማምኖ ስናፕሾትን የዶሜን ኮንትሮለር ባክአፕ ማድረግ ትክክል አይደለም። ተራ የዶሜን አባል የሆነ ማሽንም የመለያ የይለፍ ቃሉን በየ30 ቀኑ ስለሚቀይር፣ ረጅም ጊዜ ወደቆየ ስናፕሾት ሲመለስ ከዶሜኑ ጋር ያለው መተማመን ሊቋረጥ ይችላል። ሬፕሊኬሽን ያለው፣ ማለትም ለውጡን ወደ ሌላ ሰርቨር እያስተላለፈ የሚሠራ ዳታቤዝም እንዲሁ በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

ስለ ዳታቤዝ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳቱ የሚከብደው እዚያ ነው። ዝም ተብሎ የተወሰደ ስናፕሾት ኤሌክትሪክ በድንገት እንደጠፋበት ዲስክ ነው። ፖስትግሬስኪውኤልም ሆነ የማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ ከእንዲህ ያለ ሁኔታ ለመነሳት የተሠሩ ናቸው፤ ዳታው በአንድ ዲስክ፣ ሎጉ (የለውጦቹ መዝገብ) በሌላ ዲስክ ላይ ሆኖ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ካልተወሰዱ ግን ያ ዋስትና ይቀራል። ዊንዶውስ ላይ ቪኤስኤስ የሚባለው አገልግሎት፣ በኪውኤምዩ በሚሠራ የሊኑክስ ማሽን ላይ የኪውኤምዩ ገስት ኤጀንት (ማሽኑ ውስጥ የሚጫን ረዳት ፕሮግራም) ፋይል ሲስተሙን ለአፍታ አቀዝቅዘው ያስይዛሉ፤ ኤጀንቱ ማሽኑ ውስጥ መጫኑንና መሥራቱን ግን ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ጋርም ዳታቤዙ በራሱ መሣሪያ ባክአፕ ይደረግ። ፖስትግሬስኪውኤል ሙሉ ባክአፕና የማያቋርጥ የሎግ ማኅደር ካለው፣ አንድ ሰው በስህተት ሠንጠረዥ ቢሰርዝ ከስህተቱ በፊት ወዳለችው ደቂቃ መመለስ ይቻላል። ይህን ስናፕሾት አይሰጥም።

የባክአፕ ሶፍትዌሮችም ስናፕሾትን ይጠቀማሉ፤ ጊዜያዊ ስናፕሾት ወስደው፣ ዲስኩን አንብበው፣ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው ይሰርዙታል። ባክአፑ መሀል ላይ ከተቋረጠ ያ ጊዜያዊ ስናፕሾት ሳይሰረዝ ሊቀር ይችላል። አንዳንዴ በስናፕሾት ዝርዝሩ ላይ እንኳ ሳይታይ ፋይሉ ዳታስቶሩ ላይ እያደገ ይቆያል። ስለዚህ የጠዋት ምርመራው «ባክአፑ ተሳካ» የሚለውን መልእክት በማየት አያበቃም፤ የዳታስቶሩን የዴልታ ፋይሎችና ክፍት ቦታም ማየትን ይጨምራል።

የባክአፑ ቅጂ የት እንደሚቀመጥም ይታሰብበት። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢው ውጪ የሚለው የቆየ ደንብ አሁንም ይሠራል። ከሦስቱ አንዱ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል እንኳ ሊሰርዘው የማይችል ቢሆን ይመረጣል።

ለኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የአይቲ ክፍላችሁን «ባክአፕ አለን?» ብላችሁ አትጠይቁ። ባለፉት 3 ወራት የትኛው ሰርቨር ከባክአፕ ተመልሶ ከዋናው ኔትወርክ በተለየ ቦታ ተነሳ? ስንት ሰዓትስ ፈጀ? ብላችሁ ጠይቁ። በ1 ጊጋቢት መስመር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያልፋል፤ 2 ቴራባይት ዳታ ለመመለስ ምንም እንቅፋት ባይኖር እንኳ 5 ሰዓት ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ ያን ያህል ሰዓት ያለ ሲስተም መቆየት የማይችል ከሆነ፣ ፈጣን መስመር ወይም ተጠባባቂ ሰርቨር በዘንድሮው በጀት ይካተት።

ከአንድ የሲስተም አስተዳዳሪ