ለወንድሜ፦ ስለላክልኝ ፎቶዎች

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የሜሪላንድ ብርድ ገና አልለቀቀንም እንጂ።

ፎቶዎችህን ደጋግሜ አየኋቸው። «እያንዳንዱ ለብቻው ነው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ምንም አይናገሩም፤ አዲስ ሌንስ ቢኖረኝ...» ያልከውን ግን አልቀበልህም። ብሩን እልካለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ሰው ልንገርህ።

ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ጋለሪ የሚባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም መግቢያው በነጻ ስለሆነ እረፍት ስወጣ ጎራ እላለሁ። ሮበርት ፍራንክ የሚባል የፎቶ አንሺ ብዙ ፎቶዎች የሚገኙት እዚያ ነው። እንደኔው ስደተኛ ነበር፤ ከስዊዘርላንድ በ1947 መጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1955 እና በ1956 አሜሪካን በመኪና እየዞረ፣ ሰዎችን ሳያዘጋጅ፣ 27,000 ያህል ፎቶ አነሳ። አርካንሳስ ውስጥ ፖሊስ ጠርጥሮት አስሮታል፤ መርካቶ ላይ ሲቆጡህ አስታውሰው። ከዚያ ሁሉ «አሜሪካውያን» ለሚለው መጽሐፉ ያስቀረው 83 ብቻ ነው። ድካሙ እዚህ ላይ ነበር፤ አንድ ሺህ ያህሉን አጥቦ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ እያወረደ እየለዋወጠ።

አደራደሩም እንደ ሠርግ አልበም ከሽምግልና እስከ መልስ በተራ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሁለት ዘንባባዎች መሃል የቆመች ሸራ የለበሰች መኪና አለች። ገጹን ስትገልጥ አሪዞና፣ መንገድ ዳር፣ በመኪና አደጋ የሞተ ሰው ብርድ ልብስ ለብሶ ተጋድሟል፤ አራት ሰዎች ቆመው ያዩታል። ዓይንህ መጀመሪያ የሚይዘው የጨርቁን ቅርጽ ነው። ወደ ኋላ ስትመለስ ያቺ የምታምር መኪና የተገነዘች ትመስልሃለች። ቀጥሎ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጭር ያለ አውራ ጎዳና ይመጣል፤ ከሩቅ አንዲት መኪና ብቻ። ፎቶው ላይ ምንም ክፉ ነገር የለም፣ አንተ ግን ለነጂው ትፈራለህ። ያ ፍርሃት ከየትኛውም ፎቶ ውስጥ አይደለም፤ ከአቀማመጡ ነው የመጣው።

አሁን ወደ አንተ። ፍራሽ የተሸከመው ሰውዬ ፊቱ አይታይም። የጥምቀቱ ቄስም ከራሳቸው በላይ የተዘረጋው ዣንጥላ ፊታቸውን አጨልሞታል። ሁለቱን ለየብቻ ነው የላክኸው! ጎን ለጎን አድርጋቸው፤ አንዱን ክብር ሸፍኖታል፣ ሌላውን ሸክም። በዝናብ የታክሲ ሰልፍ ላይ ፌስታል ራሷ ላይ ያደረገችውን ሴትዮ ስትጨምር ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሰው ራሱ ላይ ስለሚያኖረው ነገር ይሆናል። ቀዩን ዣንጥላ ከቲማቲሙ ክምር ጋር ያጣመርክበት ግን አልገባኝም። ቀይ ከቀይ ገጠመ፣ አማረ፣ አለቀ።

በስልክ አትምረጣቸው፤ እየገፋህ ስለምታልፋቸው ሁለት ፎቶ አንድ ላይ አይታይህም። በትንሹ አሳጥባቸውና ሳሎን ወለል ላይ ዘርጋቸው፣ እማዬ ብትቆጣም። እንደውም እሷንም ጠይቃት፤ ምን ከምን ጋር እንደሚሄድ ስለ ፎቶ ከሚያወሩት ሁሉ ቀድማ ታያለች። የምትጥላቸውን ግን እንዳታጠፋ፤ ለሌላ ጥንድ ይፈለጋሉ።

የደረደርከውን በቴሌግራም ላክልኝ። ብሩ እስከ ወሩ መጨረሻ ይደርስሃል፤ ከእሱ ላይ ለእማዬ መድኃኒት ቀንስ። ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

እህትህ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ