ላከስትሪን ላልሽኝ

ልጄ እንዴት ሰነበትሽ፣ የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሻል። ትናንት ማታ በቴሌግራም "አባዬ ላከስትሪን ምንድነው ነገ ፈተና አለብኝ" ያልሽውን ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው፣ ኔትወርክ አልነበረም። ፈተናው አልፎ ይሆናል ግን ሳልነግርሽ አልቀርም። ወንድምሽ ሳነበው ሰምቶ "ማን ነው የላከው?" አለ፣ እሱ መቼም።

በአጭሩ የሐይቅ የሆነ ማለት ነው፣ ሐይቅ ውስጥ ወይ ዳር የሚኖር ወይ ሐይቅ የፈጠረው። ያን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ተማሪ እንኳን ጠይቆኝ አያውቅም፣ የናንተ የጂኦሎጂ ሰዎችና አሳ አጥኚዎች ናቸው የሚሉት። ስሩ ላኩስ የሚል የላቲን ቃል ነው፣ ሐይቅ፣ ግን ሮማውያን የውሃ ገንዳንም፣ የወይን ጭማቂ ተጨምቆ የሚወርድበትን ጉድጓድም ላኩስ ነበር የሚሉት፣ እና ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ነገር ብለሽ ያዢው። የእንግሊዝኛው ሌክ ራሱ በፈረንሳይኛ ዞሮ የመጣ የዚሁ ልጅ ነው፣ ድሮ ፅሁፍ ላይ ቃል ጠፍቶ ባዶ የቀረውን ቦታ ላኩና የሚሉትም እንደዛው። የላከስትሪን መጨረሻ፣ ስትሪን የሚለው ግን፣ ሮማውያን ለረግረግ ፓሉስትሪስ ይሉ ስለነበር ያንን አይተው ኋላ የመጡ ሰዎች የገጠሙት ነው።

እና እዚህ ሐዋሳ እኛ ሰፈር ላከስትሪን ያልሆነ ምን አለ? ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ አሞራ ገደል አሳ አጥማጆቹ እግር ስር የሚጋፉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች (እነሱ ቆሻሻ ላይም ስለሚውሉ ወፍ አጥኚ ይቆጣኝ ይሆናል)። ሐይቃችንም ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ወንዝ አይወጣበትም፣ ላኩስ ማለት እሱ ነው።

አሁን አንድ ስህተቴን ልመንልሽ። ስትመጪ ከዝዋይ አልፈሽ ቡልቡላ ጋ በመስኮት ነጭ ነጩን አፈር እይው፣ ትንሽ ሆነሽ ምንድነው ስትይኝ ኖራ ነው ብዬሽ ነበር አይደል፣ ተሳስቼ ነው ልጄ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፣ ሞልቶም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር፣ ውሃው ሲሸሽ የቀረ ደለል ነው እሱ፣ በአይን የማይታዩ የዲያቶም (ውሃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ አልጌ) ቅርፊቶች ያሉበት። ላከስትሪን ዲፖዚት የሚሏችሁ ያንን ነው፣ በየእረፍቱ በላዩ ስንመላለስ ኖረናል።

እናትሽ የምትመጪበትን ቀን ቀድመሽ ላኪ ብላለች፣ ቆሮሶ በጠዋት ካልወረዱ ጥሩ ጥሩው ያልቃል።

አባትሽ፣ ሐዋሳ