ቦቴው መቼ ይመጣል?

ውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጋቢ ልካልሻለች፤ የደብረ ብርሃን ብርድ አይቻልም ብላ።

ለተፈናቃዮች የሬዲዮ ፕሮግራም ልትሠሪ መሆኑን ስትነግሪኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። «መልእክት እናስተላልፋለን» አልሽኝ። የምጽፍልሽ ስለዚያች ቃል ነው።

ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ከተማ ውሃ በቦቴ ሳመላልስ እንደነበር ታውቂያለሽ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ማታ ተኩስ ሲጀመር ሰው ነፍሱን ይዞ ወደ ተመድ ግቢዎች ሮጠ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሥር ሺዎች ሆኑ። የእኔም ስልክ ሦስት ቀን አልሠራም። እናትሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታለቅስ አይተሻታል፤ አትረሺውም።

መንገዱ ሲከፈት ሰዎቹ ለተጠለሉበት ካምፕ ውሃ መውሰድ ጀመርኩ። ቦቴውን ሳላቆም ሴቶቹ ይከቡኛል። ጀሪካናቸውን ሳያስቀምጡ ጥያቄ ነው። አገራችን ማላካል እንዴት ሆነ? ማሽላው መቼ ይታደላል? ነገስ ትመጣለህ? እኔ ሹፌር ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?

አንድ ቀን ባለ አራት ጎማ ሞተር ድምፅ ማጉያ ጭኖ በድንኳኖቹ መሃል መጣ። «ቦዳ ቦዳ ቶክ ቶክ» ይሉት ነበር፤ ኢንተርኒውስ የሚባል ድርጅት የጀመረው ነው። አንቴና የለው፣ ማሰራጫ የለው። የተቀረጸውን ፕሮግራም በፍላሽ ሰክቶ እየዞረ ያሰማል። የሚያዘጋጁት እዚያው የተጠለሉ ወጣቶች ነበሩ። አንዲት እናት ጆሮዋን ማጉያው ላይ ልትለጥፍ ምንም አልቀራት። ሲያልቅ አንዱ ልጅ መቅረጫውን ወደ አፏ አስጠጋላት። ተቆጥታ ተናገረች። «ሽንት ቤቱ ጋ ማታ መብራት የለም፣ ልጆቼን አልልክም» ነው ያለችው፤ ሰው ተረጎመልኝ። በሌላ ቀን ስመለስ የራሷ ድምፅ ከማጉያው ሲወጣ ሰማሁ። ቀጥሎ የኃላፊው መልስ መጣ። መብራቱ ገና አልተተከለም። ግን መቼ እንደሚተከል ተነገራት።

ግንቦት ላይ ጁባ ኮሌራ ገባ። እጃችሁን ታጠቡ ማለት ቀላል ነው። ሰው የሚጠይቀው ግን ሳሙናው የት እንደሚሰጥ፣ ልጁን ሌሊት ተቅማጥ ቢይዘው በየትኛው በር ይዞት እንደሚወጣ ነበር። እሱን ንገሪያቸው። ካላወቅሽ ደግሞ «አላወቅንም፣ ጠይቀን ነገ እንነግራችኋለን» በይ። ነገም መልሱን ይዘሽ ተመለሺ።

ሬዲዮ ሲባል ሩዋንዳ ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1994 አርቲኤልኤም የሚባል ጣቢያ ሰው ግደሉ እያለ ያውጅ ነበር። በዚያው ዓመት ቢቢሲ በሩዋንዳና ቡሩንዲ ቋንቋ «ጋሁዛሚርያንጎ» የሚል ፕሮግራም ጀመረ። ቤተሰብ አገናኝ እንደማለት ነው። የተጠፋፉ ሰዎችን ስም ያነብ ነበር። ስም ብቻ! የእኔን ስም እንዲህ የሚያነብ ቢኖር እናትሽ ነጠላዋን ባላዘቀዘቀች። አንቺም ከቻልሽ ለስም ሰዓት ስጪ።

ሌላው፣ ሬዲዮው በማን እጅ እንዳለ እዪ። ብዙ ጊዜ የሚይዘው አባወራው ነው። ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ፣ እህል ሲያስፈጩ የት ሆነው ይሰማሉ? ለድንጋይ መግዣ ብር የሌለው ሰው ያለቀውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ነው የሚጠቀመው፤ የምትሰጪው ሰዓት አጭር ይሁን፣ አይዛነፍ።

ከጋቢው ጋር ትንሿን ሬዲዮዬን ልኬልሻለሁ። ድንጋይ አላት። ከመጀመርሽ በፊት ካምፑ ጥግ ካለው የመጨረሻ ድንኳን ሄደሽ ክፈቻት። እዚያ ይይዝ እንደሆነ ደውለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ