ለማስረጃ ብዬ ደማሁ

ለጤና መድን የመድኃኒት ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ጉዳዩ፦ መድኃኒትዎን አቁመው ይለኩ ስለተባለው የጋስትሪን (የጨጓራን አሲድ የሚያዝ ሆርሞን) ምርመራ፣ ለአራተኛ ጊዜ

ክቡር ኃላፊ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። ለመጀመሪያው «ደርሶናል» ተባልኩ። ለሁለተኛው «በሂደት ላይ ነው»። ሦስተኛው የት እንደገባ እንጃ። አራተኛውን ሰው ሁሉ እያነበበው ይድረስዎት ብያለሁ።

በሽታዬን ያውቁታል፤ ፋይሌ ላይ ተጽፏል። ዞሊንገር ኤሊሰን ይባላል። ስሙ የሁለት አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ታማሚዎች ላይ ያዩትን ጽፈው ነው ያስተዋወቁት። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ እስከ ሦስት ቢይዝ ነው። መስኮት ላይ ላለው ሠራተኛዎ ግን «ጨጓራ» ነው። ጨጓራ ደግሞ ማን የሌለበት አለ?

ነገሩ ወዲህ ነው። ቆሽት ላይ ወይም የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ እጢ ይበቅላል። አንዳንዴ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እጢው ጋስትሪን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የጋስትሪን ሥራ ጨጓራን «አሲድ አምርት» ብሎ ማዘዝ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ አሲዱ ሲበዛ ጋስትሪኑ ይቀንሳል። እጢው ግን በቃኝ አያውቅም። አሲዱ አንጀት ያቆስላል፣ ምግብ የሚፈጩትን የቆሽት ኢንዛይሞች ከሥራ ውጪ ያደርጋል፣ ተቅማጡም አይቆምም።

እኔ ስድስት ዓመት «ጭንቀት ነው» ስባል ኖሬያለሁ። አንዱ ቁስል ሲድን ሌላው ይወጣል። የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ባክቴሪያ ሳይገኝብኝ የባክቴሪያውን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ስለ ሆዴ ሕመም ስነግራት «ተቅማጥስ አለ?» አለችኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለቱን አገናኝቶ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጋስትሪኔ ተለካ። በሚሊ ሊትር ከ100 ፒኮ ግራም በታች መሆን የነበረበት ከ1,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። የጨጓራዬ ፒኤችም (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ2 በታች ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ከተገኙ ሐኪም ሌላ ምስክር አይጠራም።

አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ጠዋት 40፣ ማታ 40 ሚሊ ግራም ታዘዘልኝ። ለተራ ቁስለት 20 ሚሊ ግራም ለጥቂት ሳምንታት ይበቃል። ለእኔ አይበቃም። እድሜ ለክኒኑ፣ ሰው ሆንኩ። እንቅልፍ ተኛሁ፤ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ሳልጠይቅ ከቤት መውጣት ጀመርኩ።

አሁን ወደ እናንተ ቢሮ እንምጣ። ዓመቱ ሞልቶ ፈቃዱ ይታደስልኝ ስል «አዲስ የጋስትሪን ውጤት ያምጡ» ተባልኩ። አመጣሁ። «ይሄ መድኃኒቱን እየወሰዱ የተለካ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ጋስትሪን ከፍ ያደርጋል። አቁመው ይለኩ» ተባልኩ።

መስኮት ላይ ላለው ልጅ ፍርድ ልስጠው፤ ያለው ነገር ውሸት አይደለም። እነዚህ መድኃኒቶች ጋስትሪን ከፍ ያደርጋሉ። በሽታው ገና ሲጠረጠር ይሄ ወሳኝ ነገር ነው። እኔ ግን ተጠርጣሪ አይደለሁም፤ ተረጋግጦብኛል። በዚህ በሽታ መድኃኒቱን ድንገት ማቋረጥ አንጀት እስከ መብሳት ሊያደርስ እንደሚችል ሐኪሜ ጽፋ ሰጥታኛለች። ልጁ አነበበውና «እሱ አስተያየት ነው፤ እኛ የምንፈልገው ውጤት ነው» አለኝ። ማለትም መድኃኒቱ እንደሚያስፈልገኝ የማስረዳው ያለ መድኃኒቱ ስወድቅ ነው።

ላቁም አላቁም ብዬ ለመወሰን እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ደጅ ስጠና ክኒኑ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ተመለሰ። በአምስተኛው ሌሊት ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ከዚያ ደም አስመለሰኝ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ «መድኃኒቱን ማን አስቆመዎት?» ብሎ ነው። ምን ልበለው? መስኮት ቁጥር 3 ልበለው?

አራት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። ከሆስፒታል ስወጣ በቀጥታ እናንተ ጋ መጣሁ። ልጁ ውጤቱን ጠየቀኝ። የመድማቴን ማስረጃ ሰጠሁት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ መለሰልኝና «ይሄ እኮ ጋስትሪን አይደለም» አለ።

ክቡር ኃላፊ፣ በስፔሻሊስት የተረጋገጠ የዕድሜ ልክ በሽታ በየዓመቱ እንደገና እንዲረጋገጥ መመሪያችሁ አይጠይቅም። አንቀጹን እኔ ለእርስዎ ልጠቅስ? ፈርመውበታል እኮ።

እነዚህ መድኃኒቶች ሳይመጡ በፊት የዚህ በሽታ ታማሚ ጨጓራው ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ይወጣለት ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ በክኒን ቀርቷል። አሲዱን ማለቴ ነው፤ እጢው ሌላ ጉዳይ ነው። ከግማሽ የሚበልጡት እነዚህ እጢዎች ካንሰር ናቸው፤ ጉበት ድረስ ሊሄዱ ይችላሉ። የእኔ ገና በምስል አልታየም። እጢ መፈለግ ሲገባኝ እኔ የምፈልገው ፊርማ ሆኗል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሐኪሜን ደብዳቤ ተቀበሉና ፈቃዱን አድሱ። በሽታው የተረጋገጠበትን ሰው ሁሉ «አቁመህ ና»፣ «አቁመሽ ነይ» ማለቱንም ተዉት።

ይህን ስጽፍ ቤቴ ያለው ክኒን ለ11 ቀን ይበቃኛል። እሱንም ሐኪሜ ናት ከዚህም ከዚያም አሰባስባ የሰጠችኝ። እናንተ የሰጣችሁኝ ቀጠሮ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ፋይሉ በሂደት ላይ ያለው ታማሚ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር 3